ጎንቻ ላይ የተቆጠረው፣ ገበያ ላይ ያልተቆጠረው

መርጡለ ማርያም ስትነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከእቴጌ እሌኒ ስም ጋር የተያያዘውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና የጥርብ ድንጋይ ፍርስራሹን ነው። የመርጡለ ማርያም ወረዳ እነብሴ ሳር ምድር በምዕራብ የሚጎራበተው ጎንቻ ሲሶ እነሴ ደግሞ አገር ቤት ውስጥ ብዙም አይወራለትም። በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ ግን ስሙ ሰፍሯል። ያሰፈረውም እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ከገበሬ ልጆች አፍንጫ የተወሰደ ናሙና ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዐይን ነው። በሞጣም ሆነ በቢቸና በኩል ትራኮማ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ዐይን ይቆጠቁጣል፣ የቆብ ፀጉር ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ብሌን ይቧጨራል፣ በመጨረሻም ብርሃን ይጠፋል። የአማራ ክልል በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጠቁ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታውን ለመቆጣጠር ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በነፃ የሚሰጠው አዚትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ በዘመቻ ይታደላል። አዳዩ የሰውየውን ቁመት በዘንግ ይለካል፤ በቁመቱ ልክ መጠኑን ይወስናል፤ ሰውየው እዚያው ፊቱ ይውጣል፤ ስሙም መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

የሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከካርተር ማዕከል ጋር ሆነው መድኃኒቱን በስንት ጊዜ መስጠት እንደሚሻል ለማወቅ በጎንቻ ሲሶ እነሴ 72 ንዑስ ቀበሌዎችን በዕጣ ደለደሉ። በአንዳንዶቹ ከ1 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች በየሦስት ወሩ ይወስዳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ዓመቱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለት ውጤት ወጣ።

አንደኛው የምሥራች ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት መሠረት፣ መድኃኒቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ 1000 ልጆች በዓመት የሞቱት 4.1 ያህል ሲሆኑ፣ ባልታደለባቸው ግን 8.3 ነበሩ። ለዐይን ተብሎ የተሰጠ መድኃኒት የሕፃናትን ሞት በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

ሁለተኛው ውጤት በቀጣዩ ዓመት ታተመ። ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በልጆች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይኖራል፤ ሲከፋም የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ያስከትላል። ዕደላው ሳይጀመር አዚትሮማይሲን የማይበግረው ኒሞኮከስ የተገኘው በ3.6 በመቶ ልጆች ላይ ነበር። በየሦስት ወሩ በተሰጠባቸው ቀበሌዎች ከአንድ ዓመት በኋላ 46.9 በመቶ ደረሰ። መድኃኒቱ ባልተሰጠባቸው ቀበሌዎች በዚያው ጊዜ 9.2 በመቶ ነበር።

ሁለቱም ውጤቶች እውነት ናቸው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም። ዓለም ጀርሞች መድኃኒት ተላመዱ እያለ የሚጨነቅበትን ጉዳይ ለመረዳት ኒውዮርክ ወይም ጄኔቫ መሄድ አያስፈልግም፤ ከመርጡለ ማርያም አጎራባች ወረዳ መጀመር ይበቃል።

የተላመደው ማን ነው?

በመጀመሪያ አንድ ስህተት ይታረም። "ይህን መድኃኒት ሰውነቴ ለምዶታል፤ ጠንከር ያለ ስጡኝ" የሚል ሰው በየመድኃኒት ቤቱ አይጠፋም። የተላመደው ግን ሰውነቱ አይደለም፤ ጀርሙ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የተላመደው የሰው ሰውነት ቢሆን ኖሮ ችግሩ መድኃኒት ባበዛው ሰው ላይ ብቻ ይቀር ነበር። ጀርም ግን በትንፋሽ፣ በእጅ፣ በውሃና በሰገራ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። በሕይወቱ አንድ ክኒን ያልዋጠ የሦስት ቀን አራስ፣ መድኃኒት በተላመደ ጀርም ሊያዝ ይችላል።

አሠራሩን የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ከማሳው ያውቀዋል። ስንዴ ላይ ቱ ፎር ዲ ሲረጭ ቅጠለ ሰፊው አረም ይደርቃል፤ ሲናር ግን አይነካም። ያለ ሌላ ዘዴ በየዓመቱ ያንኑ ሲረጩ ማሳው ለሲናር ይለቀቃል። መርጨቱ ሲናርን አልፈጠረውም፤ ተቀናቃኙን አስወግዶ ቦታ ሰጠው እንጂ። አንቲባዮቲክም በሰውነት ውስጥ ካሉት እልፍ ባክቴሪያዎች ደካሞቹን ይገድላል፤ በተፈጥሯቸው የሚቋቋሙት ይተርፋሉ፤ ቦታውንም ይወርሳሉ። ባክቴሪያ ከአረም የሚብሰው ደግሞ የመቋቋሚያውን ዘር ለጎረቤቱ፣ አልፎም ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ማቀበል መቻሉ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው። ጉሮሮውን የታመመ አንድ ሰው በገዛ እጁ ፔኒሲሊን ገዝቶ፣ ጀርሙን ለመግደል የማይበቃ፣ ለማስለመድ ግን የሚበቃ መጠን ሲወስድ፣ የተላመደው ጀርም ወደ ሚስቱ ተላልፎ እሷ ስትሞት በምሳሌ አሳይቷል። ጥፋቱ የባል፣ ሞቱ የሚስት። ምሳሌው ሰማንያ ዓመት ሞልቶታል።

ታዲያ ዘመቻው ይቁም?

46.9 በመቶ የሚለውን ቁጥር የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ "እንግዲያውስ ዕደላው ይቁም" የሚል ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ከቁጥሩ ግማሹን ብቻ ማንበብ ነው። ሕይወታቸው የተረፈ ልጆች አሉ። ብርሃናቸው የተረፈ እናቶች አሉ። የትራኮማው ባክቴሪያም ራሱ ለአዚትሮማይሲን እጁን እንደሰጠ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። በጎንቻው ጥናት ልጆቹ መድኃኒቱን የወሰዱት በየሦስት ወሩ ነው፤ የተለመደው የትራኮማ ዘመቻ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተደረገ ክትትልም ዕደላው ሲቆም የተላመደው ጀርም ድርሻ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በጎንቻ አዚትሮማይሲንን የለመደው ኒሞኮከስ ለፔኒሲሊን ግን እንደተሸነፈ ነበር። መድኃኒቱ በተሰጣቸው ልጆች ላይ በዓመቱ መጨረሻ ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ኒሞኮከስ አልተገኘም። በቀላል አማርኛ፣ ከእነዚያ ልጆች አንዱ የሳንባ ምች ቢይዘው፣ የፔኒሲሊን ቤተሰብ የሆነው አሞክሳሲሊን ያድነው ነበር ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ የተደረገውን ትልቅ ሙከራ ካየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ መካከለኛውን መንገድ የያዘ ነው። የሕፃናት ሞት እጅግ ከፍተኛ በሆነባቸው ቦታዎች ከ1 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት አዚትሮማይሲን መስጠት ይቻላል ይላል፤ ነገር ግን የጀርሞቹን መላመድ እየለኩ መሆን አለበት።

እየለኩ የሚለው ቃል ነው ዋናው። የጎንቻው ዕደላ ዋጋ አስከፍሏል፤ ዋጋው ግን ታውቋል። ማን እንደወሰደ፣ ስንት እንደወሰደ፣ መቼ እንደወሰደ፣ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጎደለ ተጽፏል። ከኋላም አሞክሳሲሊን የሚባል ደጀን ነበረው። ሊያስፈራ የሚገባው መዝገብም ደጀንም የሌለው ሌላው ዕደላ ነው። እሱ ደግሞ በየቀኑ አለ።

መዝገብ የሌለው ዕደላ

በገበያ ቀን በየትኛውም የጎጃም ከተማ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ለግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ያየዋል። አንዱ ገብቶ ካፕሱሉን በስሙ ሳይሆን በቀለሙ ጠርቶ ይገዛል። ሌላዋ ለልጇ ሳል ገንዘቧ የሚበቃላትን ያህል ፍሬ ታስቆጥራለች። ሦስተኛው ያለፈው ዓመት የተረፈውን ባዶ ፓኮ ይዞ መጥቶ "ይህንኑ" ይላል። ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ተከፍቶ ዱቄቱ ቁስል ላይ ይነሰነሳል። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ አሞክሳሲሊን አንዳች አያደርግለትም፤ ሆኖም ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ይዋጣል። በሦስተኛው ቀን ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ምስጋናው ግን ለካፕሱሉ ይሆናል። በሚቀጥለው ጉንፋን ያው ካፕሱል ይፈለጋል።

ክሊኒኩም ከዚህ ነፃ አይደለም። ትኩሳት ይዞት ሄዶ "ታይፎይድ አለብህ" ያልተባለ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዊዳል በተባለ የደም ምርመራ ሲሆን፣ ምርመራው ከዓመታት በፊት ያለፈን በሽታ ወይም ጭራሽ ሌላ በሽታን ታይፎይድ ብሎ ሊያሳይ የሚችል፣ ለብቻው ሊታመን የማይገባው ነው። ግን ርካሽና ፈጣን ነው። ውጤቱ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም የሴፍትሪያክሶን መርፌ ይታዘዛል። ሕመሙ ወባ ወይም ሌላ ትኩሳት ከሆነ ሰውየው ሁለት ጊዜ ተበደለ፤ ትክክለኛውን መድኃኒት አላገኘም፣ ያልተፈለገውን ደግሞ ወሰደ።

ከብቶቹም አሉ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ለሰውም ለከብትም የሚያገለግል የመድኃኒት ቤተሰብ አባል ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ በማይደርስበት ቀበሌ ገበሬው ከገበያ ገዝቶ ራሱ ይወጋል። መርፌ የተወጋች ላም ወተቷ ለተወሰኑ ቀናት መጠጣት የለበትም፤ ይህን የሚነግረው ሰው ከሌለ ግን ወተቱ በማግሥቱ ልጆች ጽዋ ውስጥ ነው።

እዚህ ዕደላ ውስጥ ዘንግ የለም፤ ቁመት የሚለካ የለም፤ ስም የሚጽፍ የለም። ከዓመት በኋላ የልጆችን አፍንጫ ናሙና የሚወስድም የለም። በብዛት የሚቸበቸበው መድኃኒት ደግሞ የጎንቻ ልጆች ደጀን የነበረው አሞክሳሲሊን ነው። ጎጃሜ "የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል" ይላል። አሞክሳሲሊን በየሱቁ መገኘቱ እንደ በረከት የሚታየው የጨው ገደሉ እየተናደ ስለሆነ ነው።

ዐይንን ጨፍኖ ማከም

የዚህ ሁሉ ዋጋ የሚከፈለው ገበያ ላይ ሳይሆን ሆስፒታል ውስጥ ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት፣ ያለ ቀኑ የተወለደ አራስ፣ አጥንቱ ተሰብሮ ቁስሉ ያመረቀዘ ወጣት፣ የካንሰር ሕክምና የሚከታተል አባወራ፤ እነዚህ ሁሉ የሚድኑት አንቲባዮቲክ ሲሠራ ብቻ ነው። አንቲባዮቲክ ካልሠራ ቀዶ ሐኪሙ ከቢላው ጋር ብቻውን ይቀራል።

የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተሳተፈበትና በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች የተካሄደ ጥናት በአራሶች ደም ውስጥ የተገኙ ባክቴሪያዎችን መርምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ግራም ኔጋቲቭ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት አምፒሲሊንን፣ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ደግሞ ጄንታማይሲንን ይቋቋማሉ። ደም የተመረዘ አራስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰጡት ሁለት መድኃኒቶች እነዚሁ ናቸው።

ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚያውቀው በካልቸር ምርመራ ነው። የደም ወይም የቁስል ናሙና ተወስዶ ባክቴሪያው ይበቅላል፤ ከዚያ የተለያዩ አንቲባዮቲኮች ይሞከሩበታል፤ ውጤቱም ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ይህ ምርመራ እንደ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ባሉ ትልልቅ ከተሞች የሚታሰብ እንጂ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የተለመደ አይደለም። እዚያ ያለ ሐኪም የሚያክመው ገምቶ ነው። ገምቶ ሲያክም ደግሞ በሽተኛው እንዳይሞትበት ሰፊውን መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ ሴፍትሪያክሶንን ያዝዛል። በእሱ ቦታ የቆመ ማንም ሰው ይህንኑ ያደርጋል። ነገር ግን የአንድ ሺህ ሐኪሞች ግምት ሲደመር ሴፍትሪያክሶንም ተራው ይደርሰዋል።

በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። ይህ በዚያው ዓመት ኤች አይ ቪ ወይም ወባ ከገደለው ይበልጣል። ከፍተኛው የሞት ምጣኔ የታየውም ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ብዙ አንቲባዮቲክ የሚውጠው ሀብታሙ ዓለም ሆኖ ሳለ ብዙ የሚሞተው እዚህ መሆኑ ሊያስገርም አይገባም። እዚያ አንዱ መድኃኒት ሲከሽፍ ላብራቶሪው ሌላ ይጠቁማል፤ ሌላውም መደርደሪያ ላይ ይገኛል።

ጥፋቱ የማን ነው?

በዚህ ጉዳይ ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። የመጀመሪያው "ሕዝቡ አያውቅም፤ ግንዛቤ ይፈጠር" የሚለው ነው። ሁለተኛው "መድኃኒት ቤቶቹ ይታሸጉ" የሚለው። ሁለቱም ጥቂት እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ያልፉታል።

ሕግ አልጠፋም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ያለ ትእዛዝ መሸጥ ክልክል ነው። ዕቅድም አልጠፋም። አገሪቱ ጀርሞች መድኃኒት እንዳይላመዱ ለመከላከል የመጀመሪያውን አገራዊ ስትራቴጂ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ሁለተኛው በ2015 ወጣ፤ ሰውን፣ እንስሳትንና አካባቢን አንድ ላይ ያየው ሦስተኛው ደግሞ ከ2021 እስከ 2025 የተዘረጋ ነበር። የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከተመረጡ ላብራቶሪዎች መረጃ ይሰበስባል።

ይህ ሁሉ ሳለ ገበሬው ለምን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገዛል? ምክንያቱም ሒሳቡን ያውቃል። ጤና ጣቢያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ተሰልፎ ይመረመራል፤ ከዚያ "መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ" ይባላል። የጤና መድን መዋጮውን የከፈለው ሳይቀር ከኪሱ አውጥቶ ከውጭ ይገዛል። መጨረሻው መድኃኒት ቤት ከሆነ፣ መጀመሪያውንም ወደዚያ መሄድ ስንፍና ሳይሆን ስሌት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና የጤና ተቋማት ሲጎዱ ይህ ስሌት ይበልጥ ጠነከረ። መንገድ በተዘጋበት ወረዳ መድኃኒት ቤቶችን ማሸግ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ከመድኃኒት ጋር አብሮ ማሸግ ነው። ዛሬም ብዙ ሕፃናትን የሚገድለው የአንቲባዮቲክ መብዛት ብቻ አይደለም፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት አለመገኘቱም ነው።

አገሪቱ መድኃኒትን መጠበቅ እንደምትችል ግን አሳይታለች። የቲቢ መድኃኒት እንደ አሞክሳሲሊን በየመድኃኒት ቤቱ አይሸጥም። በነፃ ይሰጣል፤ በሽተኛው በጤና ሠራተኛ ፊት ይውጣል፤ ያቋረጠ ይፈለጋል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሲመጣም እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም በጎንደር ሕክምናው ተጀመረ። ምስጢሩ ቅጣት አይደለም፤ መድኃኒቱ ያለ ክፍያና ያለ መቋረጥ መገኘቱ ነው።

ምን ይደረግ?

ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ የጤና ኬላው መደርደሪያ ይሙላ፤ ቁጥጥሩ ከዚያ ይጥበቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን ሳንባ ምች ትንፋሽ ቆጥረው ለይተው በሚሟሟ አሞክሳሲሊን እንዲያክሙ ሠልጥነዋል። ትንፋሽ ቆጥሮ መስጠት ማለት ለሚያስፈልገው ሰጥቶ ለማያስፈልገው መከልከል ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ግን አሞክሳሲሊኑ ኬላው ውስጥ ሲኖር ነው። ያለቀበት ቀን ሁሉ እናቲቱን ወደ ገበያ የሚሸኝ ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ዐይኑ ይከፈት። ለእያንዳንዱ ትንሽ ሆስፒታል ካልቸር ላብራቶሪ ማቋቋም ዛሬ ላይቻል ይችላል። ናሙና ግን እንደ ቲቢ አክታ ሁሉ በተዘጋጀ ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሊላክ ይችላል። ውጤቱም ተሰብስቦ በዓመት አንድ ጊዜ "በዚህ ዞን ይህ መድኃኒት ይሠራል፣ ይህኛው ከሽፏል" የሚል አንድ ገጽ ሆኖ ለሐኪሞች ቢመለስ፣ ግምቱ የተሻለ ግምት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሽያጩ ይቆጠር። መድኃኒት ቤቱ የሸጠውን አንቲባዮቲክ ዓይነትና መጠን በየወሩ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ከባድ ሥራ አይደለም። ለከብት የሚሸጠውም እንዲሁ።

አራተኛ፣ በሽታው ሳይመጣ ይቀር። ኢትዮጵያ የኒሞኮከስ ክትባትን እ.ኤ.አ. በ2011 በመደበኛ ክትባት ውስጥ አስገብታለች፤ የተከተበ ልጅ ለአንቲባዮቲክ የሚዳርገው ሕመም ይቀንስለታል። ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና ፊት መታጠብ ለትራኮማም፣ ለተቅማጥም፣ ለታይፎይድም መድኃኒት ናቸው። ጀርም የማይላመዳቸው መድኃኒቶች እነዚህ ብቻ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰበሰቡ አገሮች ከዚህ ችግር ጋር የተያያዘውን ሞት እስከ 2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብተዋል። ቃሉ በወረዳ ቋንቋ ሲተረጎም ሦስት ጥያቄ ይሆናል፤ ማንም ነዋሪ በምክር ቤት ስብሰባ ላይ አንስቶ መልስ ሊጠይቅባቸው ይችላል። ባለፈው ዓመት በጤና ኬላችን አሞክሳሲሊን ስንት ቀን ጠፋ? በከተማችን ስንት አንቲባዮቲክ ተሸጠ? በሆስፒታላችን የትኛው መድኃኒት አሁንም ይሠራል? እነዚህን የሚመልስ ወረዳ ገና ደጀኑን አላጣም። የማይመልስ ወረዳ ግን የቀረውን መድኃኒት ስንት እንደሆነ ሳያውቅ እየጨረሰ ነው።